ያዮ ላይ የጠበቀው ብሎን

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን፣ ከበደሌ ወደ መቱ የሚወስደው መንገድ ክረምት ከበጋ ጭቃ በነበረበት ጊዜ ነው። ገና ወጣት ነበርኩ። መኪና ተበላሽቶበት መንገድ ላይ ያልቀረ ሰው በእኛ አገር አይገኝም፤ ነገሩ የመኪና መበላሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። ከልቤ አልወጣ ያለኝ መኪናው እየተሠራ ሳለ የሰማሁትና ከደረስን በኋላ ያየሁት ነው። የሰማሁትና ያየሁት አልገጠሙም።

ያን ጊዜ በደሌ ልብስ እሰፋ ነበር። አንድ ነጋዴ ሱቁ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና አስቀምጦ ያሠራኛል። ከባለቤቴ ጋር ተለያይተን ስለነበር የምኖረው ብቻዬን ነው፤ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ። ልጄን የሺን ግን እናቴ መቱ ወስዳት ነበር። «እስክትደላደዪ ድረስ እኔ ጋ ትሁን፣ ሕፃን ይዘሽ ስፌት መኪና ላይ ልትውዪ ነው?» ብላ ነው የወሰደቻት። በዓል ሲመጣ እየሄድኩ አያቸዋለሁ።

አንድ ቀን ሥራ ልፈታ ስል እትዬ ዘነበች ሱቁ ድረስ መጡ። እሳቸው እዚያ መጥተው አያውቁም። ከመቱ ስልክ ተደውሏል፣ የአጎቴ ልጅ ነው የደወለው፣ መልእክቱን ስልከኛው ለእሳቸው ነግሯቸዋል።

«እናትሽን ትንሽ አሟታል አሉ። ነገ በሚነሣው መኪና ትምጣ ብለዋል» አሉኝ።

«ምን ሆና?»

«ትንሽ ነው አሉ እኮ። አትደንግጪ።»

በእኛ አገር «ትንሽ አሟታል፣ ትምጣ» ተብሎ በስልክ የሚጠራ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው አገሩ ይገባል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሌሊት ሳይነጋጋ በር ይንኳኳል፤ እንደዚያ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ «ትንሽ አሟታል» ነው።

እትዬ ዘነበች ሳልጠይቃቸው ገብተው ልብሴን ያጣጥፉልኝ ጀመር። ቀይ ሻርፔን አውጥተው አልጋው ላይ ተዉት። ጥቁር ቀሚሴን ከሁሉ በላይ አድርገው ሻንጣውን ዘጉት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። ምንም አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው ይዋሹኛል፤ እንዲዋሹኝ ማድረግ ደግሞ አልፈለግሁም።

ሌሊቱን እንቅልፍ ወሰደኝ። አላለቀስኩም፣ አልጸለይኩም። ሰውነቴ የእኔ አልመስል አለኝ እንጂ ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም።

ጧት የተሳፈርኩበት መኪና ጨውና ሸቀጥ ጭኖ ወደ መቱ የሚሄድ አሮጌ የጣልያን የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩ ጋሼ ደምሴ ይባላሉ። በዚያ መንገድ የማያውቃቸው የለም፤ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ ከእሳቸው ጋር የተሳፈረ ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅ ነው የሚደርሰው። እትዬ ዘነበች ከመኪናው ኋላ ወስደው አነጋገሯቸው። ሲመለሱ የጋሼ ደምሴ ፊት ተለውጧል። ሌላው ሰው ጭነቱ ላይ ሲወጣ እኔን «ነይ እዚህ» ብለው ጋቢና አስገቡኝ። ረዳታቸው ጉታ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ትልቅ ሰው ነው፣ ቦታውን ለእኔ ለቅቆ ከነፋስ ጋር ጭነቱ ላይ ወጣ።

መንገዱን ሁሉ ጋሼ ደምሴ አንድ ቀልድ አላወጡም። አልፎ አልፎ «ይቆረቁርሻል?» ይሉኛል። «አይ» እላቸዋለሁ። እሳቸው አውቀዋል፤ እኔም ማወቃቸውን አውቄያለሁ፤ ሁለታችንም ፊት ለፊት መንገዱን እናያለን።

ያዮ ልንገባ ስንቃረብ ዳገት ላይ ከኤንጂኑ ካካካካ የሚል ድምፅ መጣ። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ጋሼ ደምሴ ዳር አስይዘው አቆሙና ወረዱ። ጉታም ወርዶ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረገ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ከበበ።

የኤንጂኑ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ወልቆ ተበጣጥሷል። ለእሱ መለዋወጫ ነበራቸው። ችግሩ ሌላ ነው። በኤንጂኑ ግንባር ላይ ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት፣ ፑሌጃውን፣ ይዞ የሚያስቀምጥ አንድ ትልቅ ብሎን አለ፤ እሱ ላልቶ ፑሌጃው እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። እኔ ያን ጊዜ ይህን ሁሉ አላውቅም፤ በኋላ ነው የገባኝ። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠበቁና ራዲያተሩን ከነቱቦው አወለቁት። ከዚያ ብሎኑ ታየ። የሕፃን ጭብጥ ያህላል።

ጋሼ ደምሴ የብሎን ቁልፍ ነበራቸው፤ እጀታው ግን አጭር ነው። ሁለቱም ተራ በተራ ተንጠለጠሉበት። ጉታ መሬት ላይ ተኝቶ በእግሩ ገፋ። ራዲያተሩን መልሰው፣ አዲሱን ቺንጋ አግብተው፣ ውሃ ሞልተው ተነሣን። ብዙም ሳንሄድ ያ ድምፅ ተመልሶ መጣ። ጋሼ ደምሴ ሌላ ቺንጋ ስላልነበራቸው ቶሎ አጠፉት።

«በክንድ የሚጠብቅ ብሎን አይደለም» አሉ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ጅማ ጋራዥ ያጠበቁት እንደ ቁመቴ በሚረዝም መሣሪያ ነው። ጉልበት አይደለም የሚፈልገው፣ ርዝመት ነው።»

አንድ የቡና ነጋዴ፣ ወፍራም፣ ካኪ ኮት የለበሰ ሰው፣ «መቱ ሰው ልከን መሣሪያ እናስመጣ፤ ነገ ይደርሳል» አለ።

ጋሼ ደምሴ ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ ወደ ፀሐይዋ አዩ። «ነገ አይሆንም» ብቻ አሉ።

ከከተማው በኩል የወፍጮ ድምፅ ይሰማል፤ ቱክ ቱክ ቱክ። ጋሼ ደምሴ ቆመው አዳመጡ። ከዚያ «ወፍጮ ካለ ቱቦ አለ» አሉና ተነሡ። «ነይ እኅቴ፣ አብረን እንሂድ፤ ጥላ ታገኛለሽ» አሉኝ። ጥላ በመንገዱ ዳር ሞልቷል። ብቻዬን ሊተዉኝ ስላልፈለጉ ነው።

ወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ባለቤቱ ሐጂ ከማል የሚባሉ፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ናቸው። ቀኑ የያዮ ገበያ ስለነበር ሴቶች እህላቸውን አስቀምጠው ተሰልፈዋል። ከሩቅ ገጠር የመጡ ብዙ ናቸው። ዱቄቱ ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ውስጥ ሲገባ ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል። ከወፍጮው ሞተር ጢስ የሚያወጣ ረጅም የብረት ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ጋሼ ደምሴ ያዩት እሱን ነው።

በእጅ እያመለከቱ ነገሯቸው። ሐጂ ከማል ራሳቸውን ነቀነቁ። በጩኸቱ መሃል እየተጯጯሁ ነው የሚነጋገሩት፤ ኦሮምኛም አማርኛም ነው።

«ገበያ ነው ዛሬ! እሷን ካወለቅሁ ቤቱ በጢስ ይሞላል፣ ወፍጮው ይቆማል! ይህ ሁሉ ሰው ምን ይበል?»

«ወዲያው እመልሳለሁ!»

«ወዲያው ያለኝ ሰው መዶሻዬን እንደወሰደ ቀርቷል!»

ጋሼ ደምሴ ጠጋ ብለው ወደ ጆሯቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ሐጂ ከማል አልሰሙም። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን?» አሉ። ጋሼ ደምሴ ደገሙት። አሁንም «ምን አልክ?» አሉ።

ጋሼ ደምሴ ያን ጊዜ ትዕግሥታቸው አለቀ መሰለኝ፣ ባላቸው ድምፅ ጮኹ፤ «ሃቲ ኢሼ ዱቴ! ሂን ቤክቱ!»

እናቷ ሞታለች፤ አታውቅም፤ ማለታቸው ነው። መቱ ላደገ ሰው ኦሮምኛ የቤት ቋንቋ ነው፤ ለእኔም እንደዚያው።

ሐጂ ከማል ሰሙ። ሴቶቹም ሁሉ ሰሙ። እኔም ሰማሁ። ጋሼ ደምሴ ዘወር ሲሉ እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። በጥላው በኩል የተቀመጥኩ መስሏቸው ነበር። ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ።

ሐጂ ከማል ሄዱና ሞተሩን አጠፉት።

ድምፁ ሲቆም ጆሮዬ ጭው አለ። ከሰልፉ መሃል አንዲት ትልቅ ሴት፣ አዴ ጫልቱ ይሏቸዋል፣ እህላቸውን ጥለው መጡና አቀፉኝ። «አዬ ኢንተላ ኮ፣ አዬ ልጄ» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሉ። አንዷ ደረቷን ትመታለች፣ ሌላዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች። እናቴን አያውቋትም፣ እኔንም አያውቁኝም። እንደ ገዛ እናታቸው አለቀሱላት።

እኔ መሃላቸው ቆሜ የአዴ ጫልቱ ዱቄት ቀሚሴን ሲያነጣው አያለሁ። ያሰብኩት ዱቄቱን ነው። ማራገፍ አለብኝ፣ ልብስ ላይ ያስታውቃል፣ ብዬ።

ቱቦው ይፋጅ ነበር። ውሃ ደፉበት፣ ጢሱና እንፋሎቱ ተደባለቀ። በጆንያ ጠቅልለው አወለቁትና አራት ሰው ተሸክሞ ወደ መኪናው ወሰደው። ሐጂ ከማልም በትራቸውን ይዘው ተከተሉ። ሴቶቹም እህላቸውን ለአንዲት አሮጊት አደራ ብለው ተከተሉ። ከኋላ ለሚያይ ሰው ቀብር የምንሄድ እንመስላለን።

ራዲያተሩ እንደገና ወለቀ። ጋሼ ደምሴ መኪናውን አራተኛ ማርሽ ውስጥ አስገቡ፤ ጉታን ጋቢና አስገብተው ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ እንዲረግጥ አዘዙ፤ ከየጎማው ፊት ትልልቅ ድንጋይ አስደረጉ። ብሎኑ ሲጠብቅ ኤንጂኑም አብሮ ልዙር ስለሚል ነው። ከዚያ ቁልፉን ብሎኑ ላይ አግብተው ቱቦውን እጀታው ላይ አለበሱት። ቱቦው ከጎማው ፊት አልፎ ወደ ጎን ወጣ። ቁልፉ እንዳያመልጥ እሳቸው ራሳቸው ሥሩ ተንበርክከው በሁለት እጃቸው ያዙት።

መጀመሪያ ሁለት ጎረምሶች ጫፉ ላይ ተንጠለጠሉ። ብሎኑ ዞረ፣ ትንሽ ሄዶ ቆመ። ልጆቹ መዝለል ሲጀምሩ ጋሼ ደምሴ ጮኹ።

«አትዝለሉ! ትበጥሱታላችሁ! ከተበጠሰ ይህ መኪና እዚሁ ሣር ይበቅልበታል!»

ቀጥሎ የቡናው ነጋዴ ወጣበት። ቱቦው ጎበጥ አለ፣ ቁልፉም ሊወልቅ ሆነ። «ውረድ፣ ውረድ ወንድሜ!» አሉት። ግማሽ ጆንያ ጨው በገመድ አንጠለጠሉ። ቱቦው ዘንበል ሲል ጆንያው ተንሸራቶ ወደቀና ጨው መሬት ላይ ፈሰሰ።

ጋሼ ደምሴ ከተንበረከኩበት ቀና ብለው ሰዉን አንድ በአንድ አዩ። ፊታቸው በግራሶና በላብ ጠቁሯል። «የማይከብድ ሰው ነው የምፈልገው፤ የማይወዛወዝ። ወጥቶ ዝም የሚል» አሉ። ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ። ወዲያው አነሡት።

«እኔ እወጣለሁ» አልኩ።

አዴ ጫልቱ «ኧረ በአላህ! ኀዘንተኛ ናት!» አሉ። ሐጂ ከማል ግን ትንሽ አሰብ አድርገው «ተዉአት፣ ትውጣ። መድረስ የምትፈልገው እሷ ናት» አሉ።

ጫማዬን አወለቅሁና ቱቦውን በእጄ ጨበጥኩ። አዴ ጫልቱ በአንድ በኩል፣ ሌላ ሴት በአንድ በኩል እጄን ይዘው አወጡኝ። ቱቦው ለእግሬ ለብ ይል ነበር፤ ሙቀቱ ገና አልወጣለትም። ክብደቴ ሁሉ ቱቦው ላይ እንዲያርፍ እጄን እንዲለቁኝ ተነገራቸው። ለቀቁኝና ትከሻዬ አጠገብ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። እኔም የመኪናውን ጣውላ በጣቴ ጫፍ ነክቼ ቆምኩ።

ቱቦው ቀስ ብሎ ከእኔ ጋር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ከኤንጂኑ በኩል ጥርስ የሚያስነክስ እሪታ መጣ።  ጉታ ጋቢና ውስጥ ሲያቃስት ይሰማኛል። መሬቱ ሲጠጋኝ ጋሼ ደምሴ «በቃ፣ ውረጂ» ይላሉ፤ ቁልፉን ነቅለው ወደ ላይ መልሰው ያገባሉ፤ እንደገና ያወጡኛል። እንደገና እወርዳለሁ። እናቴ ሞታለች፤ እኔ ቱቦ ላይ ቆሜያለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ላስብ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

በመጨረሻ ወጣሁና ቱቦው አልወርድም አለ። ቆምኩ። ምንም የለም። እሪታውም የለም። እዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ የሴቶቹን አናት አያለሁ፣ ዱቄቱ ከፀጉራቸው አልወጣም።

«አትነቃነቂ» አሉ ጋሼ ደምሴ። አልተነቃነቅሁም። ጆሯቸውን ብሎኑ አጠገብ አድርገው ቆዩ። ከዚያ «ይዟል» አሉ።  «ውረጂ እኅቴ። ይዟል።»

ሰዉ እልል ሊል ነበር፤ አዴ ጫልቱ እጃቸውን ሲያነሡ ሁሉም ዋጠው።

ልንነሣ ስንል ሐጂ ከማል ወደ ጋቢናው መጡ። «አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ። እናት አንድ ናት» አሉኝ። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። ማለቴን አላስታውስም። ቱቦውን ተሸክመው ወደ ወፍጮው ሲመለሱ በመስተዋቱ አየኋቸው።

ከያዮ ቀጥሎ ያለችውን ሁሩሙን እስክናልፍ ጋሼ ደምሴ መንገዱን ብቻ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ድንገት «ይቅር በይኝ» አሉ።

«አውቄው ነበር» አልኳቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እትዬ ዘነበች ልብሴን ሲያጣጥፉ ነው ያወቅሁት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። 

ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ የማስበው የሺን ነበር። አሁን ማን ይይዛታል? እኔ ጋ ልወስዳት ነው። ክፍሏ ለሁለታችን ትጠባለች፣ ግን አልጋው ግድግዳው ድረስ ቢገፋ ቦታ ይወጣል። ሱቁ ውስጥ ከእግሬ ሥር ትቀመጣለች። አዝራር በቀለም በቀለሙ እየለየች ትውላለች። ነጋዴው መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ይለምዳታል። ይህን ሁሉ በሥርዓት አሰብኩት። እንዲያውም እናቷን እንጂ አያቷን ያላወቀች ልጅ እንዳትሆን ምን ምን እንደምነግራት አስቤ ነበር።

የሶርን ድልድይ ተሻግረን መቱ ስንገባ ከአሥር ሰዓት አልፏል። ጋሼ ደምሴ ጭነታቸውን ሳያራግፉ፣ ተሳፋሪውንም ሳያወርዱ በቀጥታ እኛ ሰፈር ወሰዱኝ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ሰው በር ላይ ቆሟል። እኔን ሲያዩ መንገድ ከፈቱ። አንድ ሰው ጮኾ ማልቀስ ጀመረ። ጋሼ ደምሴ ክንዴን ይዘው ከጎኔ ናቸው።

ድንኳኑ ውስጥ፣ መሬት ላይ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ነጠላዋን አገልድማ የተቀመጠች ሴት አየሁ። እናቴ ናት።

መጀመሪያ እኅቷ መሰለችኝ። ከዚያ ቀና አለች። እናቴ ናት። በሕይወት አለች።

ሮጥኩ። ሳቅሁ መሰለኝ፤ በኋላ ሰዎች ሳቀች ብለው ነግረውኛል። ላይዋ ላይ ወደቅሁ። «እማዬ! አልሞትሽም! አለሽ!» እያልኩ ፊቷን እስማለሁ፣ እጇን እስማለሁ። ጋሼ ደምሴ ከኋላዬ ከፍ ባለ ድምፅ «ተመስገን አምላኬ! ተመስገን!» አሉ።

ማንም «አሜን» አላለም።

ያን ጊዜ ነው ድንኳኑ ዝም ማለቱ የታወቀኝ። ለቅሶው ሁሉ ቆሟል። ሰው መሬት መሬት ያያል። እናቴ ታቅፈኛለች እንጂ አትናገርም። ዙሪያዬን አየሁ።

«የሺስ?» አልኩ።

እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች።  «እኔን ውሰደኝ አልኩት። ሌሊቱን ሙሉ እኔን ውሰደኝ አልኩት። አልሰማኝም» አለች።

ኩፍኝ ነበር። ባንድ ሳምንት ውስጥ ነው የወሰዳት። የአጎቴ ልጅ በስልክ ልጅሽ ሞታለች ማለት ስላልቻለ፣ ልጅሽ ታማለች ማለትም አንድ ስለሆነበት፣ «እናትሽን አሟታል» አለ። እትዬ ዘነበች እናቷ ሞታለች ብለው ገመቱ። ለጋሼ ደምሴ የገመቱትን ነገሯቸው። ጋሼ ደምሴ ያዮ ላይ ጮኹት። ማንም ክፉ አላሰበም።

የሕፃን ቀብር አይቆይም። ቄሶቹም እንውጣ ብለው ነበር። እናቴ ግን «ወላጇ ሳትደርስ ከዚህ ቤት አትወጣም» ብላ በሩ ላይ ተቀምጣ አስቀረቻቸው። ፀሐይ ሳትገባ መቀበር ስላለባት አንድ ሰዓት እንኳ ዘግይተን ቢሆን አልደርስባትም ነበር። ደረስኩ። ተገንዛ ነበር፤ ለእኔ ሲሉ ከፊቷ ላይ ገለጥ አደረጉልኝ። እንደተኛች ናት። ግንባሯን በእጄ ነካሁ። እጄ ገና የቱቦው ጥላሸት ነበረበት፤ ነጩ ጨርቅ ላይ የጣቶቼ አሻራ ቀረ። አንዲት ሴት ልትጠርገው ስትል እናቴ «ተዪው» አለቻት።

ያን ቀን አላለቀስኩም። በማግስቱም እንደዚያው። መቼ እንደጀመረኝ እንኳ አላውቅም።

በሣልስቱ ጋሼ ደምሴ መጡ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ ተቀመጡ። ሲነሡ ወደ እኔ መጥተው ቆሙ። መናገር የፈለጉት ሌላ ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። «ብሎኑ ይዟል። ጎሬ ደርሼ ተመለስኩበት፤ አልተነቃነቀም» አሉኝ። «ደግ» አልኳቸው። እንባቸው ፈሰሰ። ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

ቁጣ አልያዝኩባቸውም፤ ዛሬም የለኝም። እሳቸው ባይቸኩሉ፣ ሐጂ ከማል ወፍጯቸውን ባያጠፉ፣ እነዚያ ሴቶች እህላቸውን ጥለው ባይመጡ ፊቷን ሳላይ ትቀበር ነበር። ለማን እንደሚያለቅሱ ተሳስተው ይሆናል፤ ያደረሱኝ ግን እነሱ ናቸው።

በሌላው ዓመት እናቴን በደሌ እኔ ጋ ልወስዳት ስንሄድ መኪናው ያዮ ላይ ቆመ። ገበያ ነበር። «ወርጄ ላመስግናቸው» አልኳት። አብራኝ ወረደች። ሐጂ ከማል ታመው ቤት ውለዋል አሉን። አዴ ጫልቱ ግን ከሰልፉ ውስጥ ነበሩ። ሲያዩኝ ወዲያው አወቁኝ፤ አቅፈው ሳሙኝና «የእናትሽን ነፍስ ይማር ልጄ። እኛ እስከ ዛሬ እናነሣታለን» አሉኝ።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ከየት እንደምጀምር አጣሁ። የሞተችው እናቴ አይደለችም፣ ልጄ ናት ብዬ፣ በዚያ ሁሉ ሴት መሃል፣ እንደገና ላስለቅሳቸው ነው። ያለቀሱትንም እንባ ከንቱ ላደርግባቸው ነው። 

«አሜን» አለች እናቴ ከጎኔ።

አዴ ጫልቱ ዞር ብለው አዩዋት። «አንቺስ ማን ነሽ? ትመስያታለሽ» አሏት በኦሮምኛ።

እናቴም በኦሮምኛ መለሰች። «የእናቷ እኅት ነኝ። ያለቀሳችሁላትን ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥልን» አለች። አዴ ጫልቱ እሷንም አቅፈው ሳሟት፣ አጽናኗት። እናቴ ስለራሷ ሞት ልቅሶ ተቀበለች፤ ዓይኗን አልሰበረችም። 

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራ፣ አርጅታ፣ እጄ ላይ ሞተች። ለዘመዶቿ ሁሉ ራሴ ደወልኩላቸው። «አሟታል» አላልኩም። «ሞታለች» አልኳቸው። አንዳንዶቹ ጨካኝ ናት ብለው አምተውኛል። ይሁን።

ዛሬ ስለ የሺ ሳስብ ኀዘኑ ደብዝዟል፤ ዕድሜ የማያደበዝዘው የለም። አንድ ነገር ግን እንደ ያኔው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ እናቴን እስካወቅኋት፣ ከዚያ ዞሬ የሺስ እስካልኩበት ድረስ ባለችው ጊዜ በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ልጄ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ተገንዛ ነበር። ያንን ደስታ አልጥለው፣ አልይዘው፤ ምን እንደማደርገው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።